ንቃተ ኅሊናና ነጻ ፈቃድ በሳይንሳዊ ልብ ወለድ፦ ከፍኖተ ሰላም ለደረሰ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ፍኖተ ሰላም ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም እመራለሁ። አንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ‹አንጎላችን እኛ ሳናውቅ ቀድሞ እንደሚወስን ሳይንስ አረጋግጧል፤ ነጻ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም› ብሎ ክበቡን አናወጠው። ገሚሶቹ ‹ድሮስ የተጻፈልህን አይደል የምትኖረው› አሉ። ዲያቆን የሆነ ተማሪ ደግሞ ‹እሳትና ውኃ ቀርቦልሃል፤ እጅህን ወደ ወደድኸው ስደድ› የሚለውን ጠቅሶ ተቆጣ። ክርክሩን ወደ ንባብ ልመልሰው አስቤአለሁ። ሳይንሱን ሳያጭበረብሩ ስለ ንቃተ ኅሊናና ስለ ነጻ ፈቃድ የሚተርኩ ልብ ወለዶች የትኞቹ ናቸው? ከየትስ ልጀምር?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር ለሕክምና ተማሪዎች የአንጎልንና የነርቭን አሠራር አስተምራለሁ። የጠየቁት ነገር ሙያዬንም የምወደውን ንባብም የሚነካ ስለሆነ ምላሼ ይረዝማል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጻሕፍቱ በፊት ክበቡን ያናወጠውን ዐረፍተ ነገር እንየው። የተማሪዎ ሐሳብ ምንጭ በ1983 የታተመው የአሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ የቤንጃሚን ሊቤት ሙከራ ነው። ተሳታፊው አንዲት ነጥብ ቶሎ ቶሎ የምትዞርበትን ሰዓት እያየ በፈለገው ቅጽበት የእጁን አንጓ ያጥፋል። ከዚያም «አሁን ልጠፍ» የሚለው ፍላጎት ሲሰማው ነጥቧ የት ላይ እንደነበረች ይናገራል። በራስ ቅሉ ላይ የተለጠፉት ኤሌክትሮዶች የመዘገቡት «የዝግጅት ሞገድ»፣ ማለትም ከእንቅስቃሴ በፊት ቀስ ብሎ የሚያድገው የአንጎል የኤሌክትሪክ ምልክት፣ እንቅስቃሴውን በአማካይ 550 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ሰውየው ፍላጎቱ ተሰማኝ የሚለው ግን ለእንቅስቃሴው 200 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሲቀር ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው የሰከንድ ሲሶ ናት ብዙ ሰው «ነጻ ፈቃድ ሞተ» ብሎ እንዲጽፍ ያደረገችው። በ2008 ደግሞ ተመራማሪዎች የአንጎልን እንቅስቃሴ በሚያሳየው የኤምአርአይ መሣሪያ ሰዎች ቀኙን ወይም ግራውን ቁልፍ እንደሚጫኑ ከሰባት ሰከንድ ያህል በፊት መገመት ቻሉ ተባለ። የግምቱ ትክክለኛነት ግን 60 በመቶ ገደማ ነበር። ሳንቲም ወርውሮ የሚገምት ሰው 50 በመቶ እንደሚያገኝ ለተማሪዎችዎ ያስታውሱልኝ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2012 አሮን ሹርገርና ባልደረቦቹ ያንን ሞገድ በሌላ መንገድ አስረዱት። የአንጎል እንቅስቃሴ ሁልጊዜ ከፍ ዝቅ ይላል። ሰውየው አሁን ወይም ቆይቶ ለመንቀሳቀስ ምንም ምክንያት በሌለው ጊዜ፣ ይህ ከፍ ዝቅታ በአጋጣሚ አንድን የተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ እጁ ይንቀሳቀሳል። ብዙ ሙከራዎችን ከእንቅስቃሴው ቅጽበት ወደ ኋላ ደርድረን አማካያቸውን ስንወስድ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዳገት እናያለን፤ ዳገቱን «ቀድሞ የተላለፈ ውሳኔ» ያልነው እኛ ነን። በ2019 የታተመ ጥናት ደግሞ ሁለት ዓይነት ምርጫዎችን አነጻጸረ። አንደኛው ውጤቱ ምንም የማይለውጥ ምርጫ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ የትኛው የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲያገኝ በእውነት የሚወስን ምርጫ ነው። የዝግጅት ሞገዱ በመጀመሪያው ታየ፤ በሁለተኛው ግን አልታየም ማለት ይቻላል።

ሊቤት የለካው ያለ ምክንያት አንጓን ማጠፍ እንዴት እንደሚጀመር ነው። የትኛውን የትምህርት መስክ ልምረጥ ብሎ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረ ልጅ ውሳኔ በዚያ ሰዓት አልተለካም። «ሳይንስ አረጋግጧል» የሚለው ቃል እዚህ ቦታ አይገባም፤ ይህንን ያለ ማመንታት ሊነግሩት ይችላሉ።

«የተጻፈልህን ነው የምትኖረው» ላሉት የሚሰጠው መልስ ሌላ ነው። በዕድል ሐሳብ ሰውየው ምንም ቢያስብ፣ ምንም ቢያደርግ፣ የሚሆነው መሆኑ አይቀርም። በምክንያት ሰንሰለት ግን የሚሆነው ነገር የሚሆነው ሰውየው በማሰቡና በማድረጉ በኩል ነው፤ ሐሳቡ ራሱ ከሰንሰለቱ ቀለበቶች አንዱ ነው። ተማሪዎችዎ በዛብህን ያውቁታል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ወላጆቹ ስለ እርሱ የተሳሉት ስለት ሕይወቱን አስሮ ይዞታል። ግን ስለቱ የሚሠራው በበዛብህና በወላጆቹ ኅሊና ውስጥ አልፎ ነው። ማንም ባያምንበት ኖሮ አንዲት ቀን እንኳ ባላሰረው ነበር። ይህ ዕድል አይደለም፤ ምክንያት ነው፤ ምክንያት ደግሞ ሊመዘን ይችላል።

አቋሜን ልግለጽልዎ። ነጻ ለመሆን ከምክንያት ውጭ መሆን አያስፈልግም፤ ምክንያትን መመዘንና በመዘኑት ልክ መንቀሳቀስ መቻል ይበቃል። ፈላስፎቹ ሆብስና ሂዩም በየዘመናቸው ከዚህ የራቀ ነገር አላሉም። ልብ ወለዶቹንም የምመዝናቸው በዚህ ነው። ደራሲው ከሰው ላይ ከዚህ የመመዘን ችሎታ አንዱን ክፍል ነቅሎ ቀሪው ምን እንደሚመስል አሳየኝ? ነቅሎ ካሳየኝ፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ልሠራው የማልችለውን ሙከራ ሠራልኝ ማለት ነው። ሳይንሱ እውነተኛ መሆኑን የማውቀው ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ ባወጣው ታሪኩ የሚፈርስ ሲሆን ነው። መንኮራኩርና ሮቦት ስላለው ብቻ ሳይንሳዊ የሚባለው መጽሐፍ ብዙ ነው፤ ሮቦቱን በአሽከር ብንተካው ታሪኩ እንዳለ ይቆማል። እንደዚያ ያሉትን ትቼአቸዋለሁ።

የጠየቁኝ ስለ ረጃጅም ልብ ወለዶች ቢሆንም በአጫጭር ታሪኮች እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። በዚህ ርእስ የተጻፉት ምርጦቹ አጫጭሮቹ ናቸው፤ አንድ ሐሳብ ይይዛሉ፣ እስከ መጨረሻው ይገፉታል፣ ያቆማሉ።

የመጀመሪያው የአሜሪካዊው ቴድ ቺያንግ ነው። ርእሱ «ዋትስ ኤክስፔክትድ ኦፍ አስ» ይባላል፤ «ከእኛ የሚጠበቀው» እንደ ማለት ነው። በ2005 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ተነቦ የሚያልቅ ጽሑፍ ነው። በመኪና ቁልፍ ላይ ያለችውን የርቀት መቆጣጠሪያ የምታህል መሣሪያ አለች። አንድ ቁልፍና አንድ አረንጓዴ መብራት አላት። መብራቱ የሚበራው ቁልፉን ከመጫንዎ ልክ አንድ ሰከንድ ቀድሞ ነው። ሊያታልሏት ቢሞክሩ አይሆንም። ላለመጫን ከወሰኑ አትበራም፤ ሳትበራ ልጫን ብለው ቢጣደፉ ቀድማ ትበራለች። ሰዎች ለቀናት ሲጫወቱባት ከቆዩ በኋላ ከተጫወቱት ሲሶው ያህል መብላት እንኳ ትቶ ሆስፒታል ይገባል። ዓይናቸው የሚንቀሳቀስን ነገር ይከተላል፣ ሰውነታቸው ግን አይታዘዝም። ይህ የመጨረሻው ሁኔታ ደራሲው የፈጠረው አይደለም። በአንጎል የፊት ክፍል መካከለኛ አካባቢ በሁለቱም በኩል ጉዳት ሲደርስ የሚታይ፣ በሕክምና የታወቀ ሁኔታ ነው። በሽተኛው ሽባ አይደለም፣ አልተኛም፤ ግን አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም። ቺያንግ ያንን ሁኔታ ያለ አንዳች ቁስል በእምነት ብቻ እንዲመጣ አደረገው፤ ታሪኩ የሚያስደነግጠውም በዚህ ነው።

እርስዎ የፊዚክስ መምህር ስለሆኑ ከዚህ ታሪክ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሥራ ልስጥዎ። ትንበያውን ለተተነበየለት አካል መንገርና ደብቆ መያዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ላፕላስ በ1814 የጻፈለት ሁሉን አዋቂ ኅሊና የዓለምን ሁኔታ ሁሉ አውቆ የወደፊቱን ያሰላል፤ ላሰላለት ሰው ግን አይነግርም። ቢነግርስ? ከተማሪዎች ጋር ብርሃን የሚለይ ሴንሰር፣ አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ አንድ ባትሪና አንድ አምፖል ያገናኙ። ሴንሰሩ ላይ ብርሃን ሲያርፍ አምፖሉ ይጥፋ፤ ብርሃን ሲነሣ አምፖሉ ይብራ። አሁን አንዱ ተማሪ ተንባይ ይሁንና «አምፖሉ ይበራል» ብሎ ካመነ ባትሪ መብራት ሴንሰሩ ላይ ያብራ፤ «ይጠፋል» ብሎ ካመነ አያብራ። ሁልጊዜ ይሸነፋል። ይህ ሰርኪት ከጫፍ እስከ ጫፍ በምክንያት የታሰረ ነው፤ ምንም ምሥጢር የለበትም። ሆኖም ትንበያውን ነግሮት ሊተነብየው የሚችል የለም። እንግዲህ ይጠይቋቸው፦ ሰርኪቱ ነጻ ፈቃድ አለው? የለውም። ስለዚህ «ማንም አስቀድሞ ሊያውቀኝ አይችልም» ማለት ብቻውን ነጻነት አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ የቺያንግ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሰርኪት ቢገጠምላት ምን ትሆናለች? ክበቡ በዚህ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ይከራከር፤ እኔ ከዚህ የተሻለ የነጻ ፈቃድ ትምህርት አላውቅም።

ሁለተኛው የቺያንግ ታሪክ በ1998 የወጣው «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ» ነው፤ «የሕይወትሽ ታሪክ» እንደ ማለት ነው። በ2016 ፊልም ስለተሠራለት ተማሪዎችዎ ፊልሙን አይተውት ሊሆን ይችላል። ታሪኩ ግን ከፊልሙ የበለጠ ፊዚክስ አለው። ልብ የሚሉት የፌርማን መርሕ ነው። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ የሚሰበርበትን ማእዘን ከሁለት መንገድ ማስላት ይቻላል። አንደኛው እርስዎ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ነው፤ ጨረሩ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይለወጣል፣ አቅጣጫውም ይለወጣል። ሁለተኛው፣ ብርሃን ከመነሻው እስከ መድረሻው ካሉት መንገዶች ሁሉ ጊዜ የሚቆጥብለትን ይዞ ይሄዳል ይላል። ሁለቱ አንድ መልስ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ግን ብርሃኑ ከመነሣቱ በፊት መድረሻውን የሚያውቅ ያስመስላል። በታሪኩ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጡት ሰባት እግር ያላቸው ፍጡራን ዓለምን የሚያዩት በሁለተኛው መንገድ ነው። መነሻውንና መድረሻውን በአንድ ጊዜ ያያሉ። ቋንቋቸውን የተማረችው ሉዊዝ ባንክስም የልጇን ሕይወት ከመወለዷ በፊት እስከ ሞቷ ታያለች፤ እያወቀችም ትወልዳታለች።

«መድረሻውን አስቀድሞ የሚያውቅ ፍጡር ለምን ይናገራል?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም ይልቅ ያ ዲያቆን ተማሪዎ የሚመልሰው ይመስለኛል። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑ ምን እንደሚል ሕዝቡ ያውቃል፤ ሕዝቡ ምን እንደሚመልስ ካህኑ ያውቃል። የሚመጣው ቃል የታወቀ ስለሆነ ግን «ይቅር» የሚል የለም። ቅዳሴው የሚፈጸመው በመባሉ ነው። ፍጡራኑም የሚያወሩት ለማሳወቅ ሳይሆን የታወቀውን ለመፈጸም ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይጨምሩ፦ የሁለቱ ስሌቶች እኩልነት ብርሃን መድረሻውን ያውቃል ማለትን አያረጋግጥም። የፌርማ መርሕ (ሁለተኛው መንገድ) ከአንዱ ነጥብ ወደ ቀጣዩ ነጥብ በሚሠራው ሕግ (በመጀመሪያው መንገድ) ውስጥ ያለውን ነገር በሌላ ልብስ ያሳያል እንጂ አዲስ ኃይል አይጨምርም።

አሁን ወደ ግሬግ ኢጋን ልምጣ። ሰፋ አድርጌ የምጽፈው በእርሱ ላይ ነው፤ በዚህ ርእስ ከጻፉት ሁሉ ወደር የለውም ብዬ አምናለሁና። አውስትራሊያዊ ነው፤ በሂሳብ የሠለጠነ ነው፤ አንባቢውን አይምርም።

በ1990 የወጣውን «ለርኒንግ ቱ ቢ ሚ» ያንብቡ፤ «እኔን መሆን ስማር» እንበለው። በታሪኩ ዘመን ሰው ሁሉ በሕፃንነቱ ራስ ቅሉ ውስጥ «ዕንቁ» የሚሉት ትንሽ ኮምፒውተር ይቀበርለታል። ዕንቁው ዓይንና ጆሮ ወደ አንጎል የሚልኩትን ሁሉ እኩል ይቀበላል፤ አንጎሉ የሚሰጠውን ምላሽ ለመስጠት ይሞክራል፤ በተሳሳተ ቁጥር «አስተማሪ» የተባለ ክፍል ያርመዋል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ አንድ ዓይነት ያስባሉ። አንጎል ያረጃል፣ ዕንቁ አያረጅም። ስለዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ሠላሳ ገደማ ሲደርስ ሰውነታቸውን ለዕንቁው አስረክበው አንጎላቸውን ያስወጣሉ። ተራኪው ይፈራል፦ ስቀየር እኔ እቀጥላለሁ ወይስ እኔ ሞቼ ሌላ በስሜ ይኖራል? ይህን እያሰላሰለ ሳለ አስተማሪው ይበላሻል። ተራኪው እጁን ያዝዛል፤ እጁ ሌላ ነገር ያደርጋል። አፉ እርሱ ያላሰበውን ይናገራል። ያን ጊዜ ይገባዋል፤ ይህን ሁሉ «እኔ» እያለ የሚያስበው ዕንቁው ነው። ዓመታቱን ሁሉ ሰውነቱን ሲያንቀሳቅስ የኖረው ግን አንጎሉ ነበር። ፍጻሜውን አልናገርም፤ ተማሪዎች ሳያነቡ ይህን አንቀጽ አያንብቡላቸው።

ሊቤት በሚሊ ሰከንድ ሊያሳይ የሞከረውን ይህ ታሪክ በሙሉ ዕድሜ ያሳያል። «እኔ አዘዝሁ» የሚለው ስሜትና ማዘዝ ራሱ ሊለያዩ ይችላሉ። ዕንቁው ለዓመታት እጁን የሚያዝዝ መስሎት ኖረ፤ ትእዛዙና እንቅስቃሴው ስለተገጣጠሙ ብቻ። ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም። ከባድ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሁለቱን የአንጎል ክፍሎች የሚያገናኘው የነርቭ ድልድይ በቀዶ ሕክምና ይቆረጥላቸው ነበር። ሮጀር ስፔሪ በእነርሱ ላይ ባደረገው ምርምር በ1981 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ተማሪው ማይክል ጋዛኒጋ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራውን ላስታውስዎ። ለግራው የአንጎል ክፍል ብቻ የዶሮ እግር፣ ለቀኙ ብቻ በበረዶ የተሸፈነ ቤት ሥዕል ታየ። ከፊቱ ከተደረደሩት ሥዕሎች ቀኝ እጁ ዶሮ መረጠ፤ በቀኙ ክፍል የሚታዘዘው ግራ እጁ ደግሞ ለበረዶው የሚሆን አካፋ መረጠ። ለምን እንደመረጠ ሲጠየቅ የሚናገረው ግራው ክፍል ነው፤ እርሱ ደግሞ በረዶውን አላየም። ሰውየው ሳያመነታ «የዶሮው እግር ከዶሮ ጋር ይሄዳል፤ የዶሮ ቤት ለመጥረግ ደግሞ አካፋ ያስፈልጋል» አለ። አልዋሸም። የሚናገረው ክፍል ያላወቀውን ውሳኔ የራሱ አድርጎ ምክንያት ሰጠለት።

ከኢጋን ሥራዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ግን በ1997 የወጣው «ሪዝንስ ቱ ቢ ቺርፉል» ነው፤ «የደስታ ምክንያቶች» እንበለው። ማርክ የተባለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንጎሉ ውስጥ እጢ ይወጣበታል። እጢው ደስታን የሚያመጣ፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን ኬሚካል ያመነጫል፤ ልጁም እየሞተ ሳለ በደስታ ይኖራል። ይድናል። ሕክምናው ግን ያንን ኬሚካል የሚቀበሉትን የነርቭ ሕዋሳት አብሮ ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ምንም ነገር አያስደስተውም። በመጨረሻ ከ4,000 ሙታን አንጎል በተወሰደ መረጃ የተሠራ ሰው ሠራሽ ክፍል ይተከልለታል። ውጤቱ አስደንጋጭ ነው፦ ሁሉን ነገር እኩል ይወዳል። ማንኛውም ሙዚቃ ድንቅ ነው፤ ማንኛውም ፊት ቆንጆ ነው። መምረጥ ግን አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞቹ የሚወደውን ራሱ እንዲያስተካክል ሥልጣኑን ይሰጡታል፤ ይህን ዘፈን ምን ያህል ልውደደው? ይህችን ሴትስ?

አንድ ጊዜ ቆም ብለው ያስቡት፤ የምንወደውን የምንመርጠው በምን መሥፈርት ነው? በምንወደው። የምንወደው ሁሉ በእጃችን ከሆነ ደግሞ መሥፈርቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ነጻ ፈቃድ ሲባል ገደብ የሌለው ምርጫ ይመስለዋል። ማርክ ያንን አገኘ፤ ያገኘው ቀን መቆሚያ መሬት አጣ። እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፣ ያልመረጥነው ነገር፣ ማለትም የተወለድንበት ጠባይ፣ የእናት ድምፅ፣ የአገር ለዛ፣ የነጻነታችን ጠላት ሳይሆን መነሻው መሆኑን ነው።

ረጅም ልብ ወለድ ከፈለጉ የእርሱን «ፐርሙቴሽን ሲቲ» ይውሰዱ፤ በ1994 የወጣ ነው። ሰዎች የአንጎላቸውን ቅጂ በኮምፒውተር ያኖራሉ። ፖል ዱራም የተባለው ሰው በቅጂው ላይ ሙከራ ያደርጋል። ቅጂው ቁጥር እየቆጠረ ሳለ ኮምፒውተሩ የኅሊናውን ቅጽበቶች ቅደም ተከተላቸውን አፋልሶ ያሰላል፤ ቅጂው ግን አንዳች አይሰማውም፣ ቆጠራውን ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ፒር የተባለው ገጸ ባሕርይ ደግሞ ለዘላለም ሲኖር እንዳይሰለቸው ፍላጎቱን በየጊዜው በዕጣ የሚቀይር ፕሮግራም ለራሱ ጽፏል። አሁን የጠረጴዛ እግር መቅረጽ ይወዳል፤ ከልቡ ይወዳል፤ ነገ ግን ሌላ ነገር ይወዳል። የመጽሐፉ ሁለተኛ አጋማሽ ከባድ ሂሳባዊ ግምት ላይ ይቆማል፤ እኔን አላሳመነኝም። የመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ እንኳ ዋጋውን ይመልሳል።

እስካሁን የነገርኩዎ በአብዛኛው ስለ ፈቃድ ነው። ንቃተ ኅሊና ሌላ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎች ሁለቱን ሲያደባልቁ ያስቁሟቸው። ውሳኔ የሚሰጥ ማሽን ሊኖር ይችላል፤ የሚሰማው ግን ማነው? በዚህ ላይ ከካናዳዊው ፒተር ዋትስ «ብላይንድሳይት» የሚበልጥ ልብ ወለድ አላገኘሁም። በ2006 የወጣ ነው። ደራሲው የባሕር እንስሳት ባዮሎጂስት ነው፤ ይህም በየገጹ ይታያል። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራንን የሚገናኝ መርከብ አለ። ፍጡራኑ በጣም ብልህ ናቸው፤ የሰውን ቋንቋ ሰምተው ይመልሳሉ፤ ውስጣቸው ግን የሚሰማው ማንም የለም። የዋትስ ጥያቄ ጭካኔ አለበት፦ ንቃተ ኅሊና ሳይኖር ብልህነት የሚሠራ ከሆነ፣ ንቃተ ኅሊና ምን ይጠቅማል? ምናልባት የሚያዘገይ ሸክም ይሆን?

የመጽሐፉ ርእስ፣ «ማየትን ሳያውቁ ማየት» እንደ ማለት፣ በእውነት ያለ ሁኔታ ስም ነው። ሎውረንስ ዋይስክራንትስ በ1970ዎቹ ያጠኑት አንድ ሰው በቀዶ ሕክምና የአንጎሉ የእይታ ክፍል በከፊል ስለተወገደ በግራ በኩል ያለውን አያይም ነበር። «ምንም አላይም» እያለ፣ ብርሃኑ የት እንዳለ በግምት ጠቁም ሲሉት በአብዛኛው በትክክል ይጠቁማል። በ2008 ደግሞ በሁለት ስትሮክ ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ዕቃ በተበታተነበት ኮሪደር ያለ በትር ሲሄድ ዕቃዎቹን እያለፈ መሄዱ ታትሟል፤ እርሱ ራሱ ዕቃ መኖሩን አላወቀም ነበር። ማየትና ማየትን ማወቅ ሁለት ናቸው።

ተማሪዎች ይህን በራሳቸው ዓይን እንዲቀምሱት ቀላል መንገድ አለ። ከደብተር ላይ መስመር ያለው ገጽ ይውሰዱ። በግራ በኩል የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል በስተቀኝ በአንዱ መስመር ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ይሥሩ። ግራ ዓይን ይጨፈን፤ ቀኙ ዓይን መስቀሉን ብቻ ይመልከት። ወረቀቱን ከ40 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቀስ ብሎ ማቅረብ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ ነጥቡ ይጠፋል፤ የዓይን ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለምና። አሁን ዋናውን ይጠይቋቸው፦ በነጥቡ ቦታ ምን ይታያል? ቀዳዳ አይታይም። ሳይቋረጥ የሚያልፍ የደብተር መስመር ይታያል። ያንን መስመር ዓይናቸው አላየውም፤ አንጎላቸው ሞላው፤ መሙላቱንም አልነገራቸውም። ይህን ክፍል ውስጥ ባሳየሁ ቁጥር ተማሪዎች ወረቀቱን ደጋግመው ሲያቀርቡና ሲያርቁ አያለሁ።

በዋትስ መደምደሚያ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱን የሚሰጠኝም የጎጃም የቅኔ ቤት ነው። ዋሸራም ሆነ ጎንጅ የተማረ ሰው ይመሰክራል፦ ተማሪው ለብቻው ሆኖ ቅኔ ሲቆጥር ቤቱ አልመታ ብሎት ይቆያል፤ ከዚያ በሆነች ቅጽበት፣ ምናልባት ከእንቅልፉ ሲነቃ፣ ሙሉው ይመጣለታል። ሥራው የተሠራው እርሱ ሳያውቅ ነው። እስከዚህ ድረስ ዋትስ ትክክል ነው። ግን ነገሩ እዚያ አያልቅም። ተማሪው ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ «ይህ ቃል ከሰሙ ይስማማል፣ ከወርቁ ግን ይጣላል» ይሉታል፤ ተማሪው ምክንያቱን ይሰማል፣ ይከራከራል፣ ያርማል፤ ነገ የሚመጣለት ቅኔ ከዛሬው የተለየ ይሆናል። በጨለማ የተሠራው ወደ ብርሃን ወጥቶ ለሌላ ሰው የሚነገርበትና የሚታረምበት ቦታ አለ። እኔ ንቃተ ኅሊና ከሌላው ጥቅሙ ይልቅ ለዚህ የሚጠቅም ይመስለኛል። የዋትስ ፍጡራን የቅኔ ቤት የላቸውም፤ ይህም በታሪኩ ውስጥ ያልተመለሰ ክፍተት ነው። ክበቡ እዚህ ላይ ደራሲውን ይሞግተው።

የስታኒስዋፍ ሌምን «ሶላሪስ» ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል፤ በ1961 በፖላንድ ቋንቋ የወጣ ነው። አንድ ፕላኔት የሸፈነ ውቅያኖስ ከተመራማሪው ትዝታ ወስዶ የሞተች ሚስቱን ሠርቶ ይልክለታል። እርስዋ ሰው አለመሆንዋን መጀመሪያ አታውቅም። ስታውቅ የምትወስደው ውሳኔ ከማንም ትዝታ ያልተቀዳ፣ የራስዋ ውሳኔ ነው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ነገር ፈቃድ እንዴት እንደሚወለድ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ ሌላ ደራሲ የለም። ሳይንሱ ከኢጋን ይልቅ የላላ ነው፤ ሐዘኑ ግን ጥልቅ ነው።

ስለ አጀማመሩ፦ ከክበቡ ጋር በመብራቷ ታሪክና በሰርኪቱ ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የዕንቁውን ታሪክ ያንብቡ። እንግሊዝኛቸው ለጠነከረ «ስቶሪ ኦፍ ዩር ላይፍ»ን ይስጡ። የማርክን ታሪክ እርስዎ በአማርኛ እየተረኩ ቢያቀርቡት ይሻላል፤ የነርቭ ኬሚስትሪው ከበድ ይላል። «ብላይንድሳይት»ን ደራሲው በራሱ ድረ ገጽ በነጻ አስቀምጦታል፤ በስልክ ማውረድ ይቻላል። ለተማሪ ግን አይስጡት። እንግሊዝኛው ጠጣር ነው፣ ጭካኔም ይበዛበታል፤ እርስዎ አንብበው የመረጡትን ክፍል ተርጉመው ያምጡላቸው። የኢጋን ሁለቱ ታሪኮች «አክሲዮማቲክ» እና «ሉሚነስ» በተባሉት መድበሎቹ ውስጥ ይገኛሉ፤ የቺያንግ ሁለቱ ደግሞ በየመድበሎቹ አሉ።

ከንባቡ በኋላ እያንዳንዱ ተማሪ በአማርኛ ሁለት ገጽ ታሪክ ይጻፍ። ሕጉ አንድ ይሁን፦ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ኅሊና ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይነቅላል፤ ትዝታ፣ ፍርሃት፣ ወይም «እኔ አደረግሁት» የሚለው ስሜት። ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆያል፤ ቦታው ፍኖተ ሰላም፣ ቀኑ የገበያ ቀን ይሁን። ሲያርሙ ቋንቋውን ከማየትዎ በፊት የተነቀለው ነገር በመሐል ሳይታወቅ ተመልሶ አለመግባቱን ይፈትሹ፤ ብዙዎቹ የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው።